አቶ እኛ

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የጤና ጣቢያው ቡድን ስብሰባ ይቀመጣል። ቡድን የተባለው እንግዲህ አራት ሰው ነው፦ ጢሙ ገና በወጉ ያልበቀለ ሐኪም፣ መድኃኒት የምታድል ፋርማሲስት፣ ስለ ምግብ የምትመክር ባለሙያ፣ እና ሁሉም "ሲስተር" የሚላት ነርስ። ስኳርና ግፊት እንደ ጉንፋን በሳምንት ጥለው የሚሄዱ አይደሉም፤ ቤት ተከራይተው፣ ዕቃ አስገብተው የሚኖሩ ናቸው። አንድ ሐኪም ብቻውን ስለማይችላቸው ተረዳድተን እንያዛቸው ተብሎ ነው ቡድኑ የተቋቋመው። ሐኪሙ ሥራ በጀመረ ሰሞን "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚል ጽሑፍ በትልቁ አሳትሞ ግድግዳው ላይ ለጥፎ ነበር። የወረቀቱ አንድ ጥግ ተላቆ ከተጠቀለለ ቆይቷል፤ መልሶ የሚለጥፈው ግን ከአራቱ አንድም አልተገኘም። አንበሳውም እስካሁን አልታሰረም።

ሲስተር ደክሟታል። ድካሟ በአንድ ሌሊት እንቅልፍ የሚወጣ ዓይነት አይደለም። ጠዋት ጫማዋን ስታጠልቅ የትናንቱ ድካም ቀድሟት ጫማው ውስጥ ገብቶ ይጠብቃታል። ቀኑን ሙሉ "ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ እጅዎን ይዘርጉ፣ እንዳይረሱ" ስትል ትውላለች። በሽተኛው ሁሉ በዕድሜ የገፋ ስለሆነ "አንቱ" ከአፏ አይጠፋም። ማታ ቤቷ ገብታ ለገዛ ልጇ እራት አቅርባ "ይብሉ እንጂ" ያለችበት ቀን አለ። ልጅቷም ግራ ቀኟን አይታ "እማዬ፣ ስንት ሆኜ ነው?" ብላ ስትስቅባት፣ ሲስተር ለመሳቅ እንኳን አቅም አልነበራትም።

ያን ሐሙስ መጨረሻ ላይ የተነሳው የአቶ እኛ ጉዳይ ነበር።

አቶ እኛ በሽተኛ አይደሉም። በሽተኛዋ ባለቤታቸው እማማ ናቸው፤ ግፊት አለባቸው። እሳቸው ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ሲሆኑ፣ እማማን ለአንድም ቀጠሮ ብቻቸውን ልከው አያውቁም። ሐኪሙ ክፍል ሲገቡ ወንበሩን ለእማማ ይስቡና፣ መሪ የጨበጡ ይመስል ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ከጎናቸው ይቀመጣሉ። ጥያቄው ለማንም ይሁን ለማን መልሱ የእሳቸው ነው። "ግፊታችን አልወረደም። እንቅልፋችን ግን ደህና ነው። ራስ ምታታችንም ትቶናል።" እማማ በበኩላቸው የቦርሳቸውን ማንገቻ እያሻሹ ዝም ይላሉ። አንድ ቀን ሐኪሙ "አባባ፣ ራስ ምታቱ የእርስዎ ነው የእሳቸው?" ብሎ ቢጠይቅ፣ "የእኛ ነዋ!" ብለው ተቆጡት። ስሙ የወጣላቸው ያን ቀን ነው። ፋርማሲስቷ "ወይ መታደል! እንዲህ የሚለኝ ባል ባገኝ ግፊቱን እኔው ራሴ እፈልገው ነበር" ብላ ሁሉንም አስቃ ነበር።

ግፊቱ ግን በሳቅ አልወረደም። መጀመሪያ በየጠዋቱ አንድ ፍሬ መድኃኒት ታዘዘ፤ ወይ ፍንክች። ሁለት ተደረገ፤ ትንሽ ወረድ አለና እዚያው ላይ ችክ አለ። ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ሆነ ነገሩ። ሐኪሙ "መድኃኒቱን በትክክል እየወሰዱ ነው ወይ?" ሲል ፋርማሲስቷ ደረቷን ነፋች። የተረፈውን እያስመጣች ትቆጥረው የለ? አንድ አይጎድል፣ አንድ አይተርፍ።

"ከዚህ ቤት የበለጠ ሥርዓት ያለው ቤት የለንም" አለች።

"እንግዲያው ሌላ መድኃኒት እንጨምርላቸው" አለ ሐኪሙ ዐይኑን እያሸ። "እሱም ካልያዘው ወደ ትልቁ ሆስፒታል መላክ ነው። ግፊቱ እዚህ ላይ ከሰነበተ አንድ ቀን ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ይፈስና አልጋ ላይ ይቀራሉ።"

ከዚያ ሦስቱም ዞረው ሲስተርን አዩዋት። ይህ አስተያየት ምን ማለት እንደሆነ ታውቀዋለች፤ መድኃኒት ከመጨመራችን በፊት እስቲ ቤታቸው ድረስ ሂጂና እይልን ማለት ነው። ድር ማበሩ ቀርቶ ሁሌም አንዲት ክር ናት የምትላከው።

"እሺ፣ ነገ ጠዋት መድኃኒቱን በሚወስዱበት ሰዓት እደርሳለሁ" አለች። እግሮቿን አላማከረቻቸውም።

ባልና ሚስቱ የሚኖሩት ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ተበላሽቷል፤ በሩ ላይ "ለጊዜው አይሠራም" የሚለው ማስታወቂያ ራሱ አርጅቶ ጽሑፉ ለቋል። ሲስተር የግፊት መለኪያውን ቦርሳ ከትከሻ ወደ ትከሻ እያዛወረች ወጣች። በየመታጠፊያው ትቆማለች፤ በየመታጠፊያው "ለዚህ ነው የተማርኩት?" ትላለች፤ መልስ ስታጣ ትቀጥላለች። የአለቃዋን ቢሮ አንኳኩታ "ከቤት ለቤቱ ሥራ አውጡኝ፣ ካርድ ክፍል ቁጭ ልበል" ለማለት ካሰበች ሰነባብታለች። ያን ጠዋት ሦስተኛው ፎቅ ላይ ወሰነች፦ ከዚህ ስመለስ እጠይቃለሁ።

በሩን የከፈቱት አቶ እኛ ናቸው። ግንባራቸው ላይ ፕላስተር ተለጥፏል።

"ምነው አባባ፣ ምን ሆኑ?"

"ይሄ? ይሄማ የመታጠቢያ ቤቱ በር ነው፤ ተላተምን። ሰሞኑን ከተቀመጥኩበት ብድግ ስል ዓለም ትዞርብኛለች። እርጅና ነው ልጄ፣ ምን ይደረግ። ግቢ፣ ግቢ!"

እግራቸውን አየች። ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ ነጠላ ጫማው እንኳን አልበቃቸውም፤ ተረከዛቸው ውጭ ቀርቷል። ሲስተር በልቧ "ይኸውና፣ አንድ ልታይ መጥቼ ሁለት ሆኑልኝ" አለች። ደከማት እንጂ ገና አልደነገጠችም።

ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው። እማማ ምድጃው ፊት ቆመው ሁለት ድስት በተራ ያማስላሉ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን፣ ሁለት ማንኪያና ሁለት ብርጭቆ ውኃ ቀርቧል። ሲስተር ጥግ ላይ ቆማ "እንደ ሁልጊዜው ያድርጉ፣ እኔ እንደሌለሁ ይቁጠሩኝ" አለች። አቶ እኛ የመድኃኒቱን እሽግ አነሱና ሁለት ፍሬ ፈለቀቁ። አንዷን እማማ መዳፍ ላይ አስቀመጡ። አንዷን የገዛ መዳፋቸው ላይ።

"ዝግጁ ነን? በሩ ይዘጋል፣ እንሄዳለን!" አሉ በሾፌርነት ድምፃቸው። ባልና ሚስት እኩል ወደ አፋቸው ወርወር አደረጉ፣ እኩል ውኃ ተጎነጩ።

ሲስተር ከጥጓ ዘላ ወጣች።

"አባባ! ምንድን ነው የዋጡት?"

"መድኃኒታችንን ነዋ።"

"የእማማን መድኃኒት?"

"የምን የእማማ! አንቺው አይደለሽ ያልሽን?"

"እኔ? እኔ መቼ ነው እንዲህ ያልኩት?"

"ሁለት የተደረገ ቀን ነዋ። እዚያ ጤና ጣቢያው መስኮት ሥር ቆመሽ። 'አባባ፣ እርስዎም ያግዟቸው' አላልሽኝም?"

"ብያለሁ፤ ግን እኮ..."

"ቆይ፣ አልጨረስኩም። ከዚያ 'ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ነው፤ ጠዋት ጠዋት አንድ ላይ ይውሰዱ' አላልሽም?"

ብላለች። እንደዚያው ነው ያለችው፣ አንድም ቃል አልጨመሩባትም። አንድ ላይ ያለቻቸው ግን ሁለቱን ፍሬዎች ነበር፤ እሳቸው የሰሙት ሁለቱን ሰዎች ነው። "ይውሰዱ" ያለችው እማማን አክብራ ነው፤ ለእሳቸው የገባቸው ባልና ሚስት ተደምረው ነው። አንድን ሰው ስታከብረው እንደ ብዙ ሰው ትጠራዋለህ፣ ቋንቋው እንዲህ ነው። "አንቺ ሁለቱንም ዋጪ" ብላ እንደ እኩያዋ ብትናገር ኖሮ ማንም አይሳሳትም ነበር፤ ግን የትኛዋ ነርስ ናት የእናቷን እኩያ አንቺ የምትል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የእሷ ቃል አፋፉ ላይ እንኳን አልቆመም፤ ሰተት ብሎ የሰውዬው ሆድ ገብቷል።

"እና አልጠየቁም አባባ? እርስዎ እኮ ግፊት የለብዎትም!"

"ምን ብዬ እጠይቃለሁ? ሐኪሙ ራሱ 'ቤተሰብም የቡድኑ አባል ነው' ብሎናል። ቡድን ከሆንን ሆንን ነው። ተጫዋች ሜዳ ገብቶ ኳስ አልነካም ይላል እንዴ?"

ሲስተር ወንበር ላይ አስቀምጣ ግፊታቸውን ለካች፤ ዝቅ ብሏል። አስነስታ ለካች፤ ጭራሽ ወረደ፣ እሳቸውም የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጡ። ሳቋ መጥቶ ነበር፤ መሃል ላይ ተወችው። ይህ ሰው ከደረጃ ቢወድቅስ ኖሮ? የዳሌ አጥንቱ ቢሰበርስ? በበር ፈንታ የገንዳውን ጠርዝ ቢመታስ? ገዳዩ እኮ የእሷ ትሕትና ይሆን ነበር። አፈረች። ፈራችም። ፋርማሲስቷ ስትኮራበት የነበረው ቆጠራ ለምን ልክክ እንዳለ፣ የእማማ ግፊት ለምን እንዳልወረደ አሁን ሁሉም ግልጽ ሆነላት።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። "በደንብ አላስረዳኋችሁም። አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ አንዲት ፍሬ እንዳይነኩ። የሚያዞርዎትና እግርዎን የሚያሳብጥዎት እሱ ነው። እማማ፣ ሁለቱንም እርስዎ ብቻ ነዎት የሚወስዱት። ብቻዎን።"

እማማ እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈሱም ነበር። ማማሰያውን ድስቱ ላይ አጋደሙና ዞሩ።

"ብቻዬን አልውጥም" አሉ።

"እንዴት እማማ?"

"አልውጥም አልኩሽ።"

"በፊት አንዷን ብቻዎን ይወስዱ አልነበር?"

"መቼ ወስጄ አውቃለሁ? በረንዳ ላይ ያለው አበባ ሥር ነው የምቀብራት።"

አቶ እኛ ከወንበራቸው ሊነሱ ሲሉ ዞረባቸውና መልሰው ተቀመጡ። "ምን ትያለሽ አንቺ? አበባው የደረቀው በዚህ ነዋ!"

"አበባው የደረቀው ውኃ አጠጣዋለሁ ብለህ ስለረሳኸው ነው። ነገር አታዙርብኝ።" እማማ ወንበር ስበው ከሲስተር ፊት ለፊት ተቀመጡ። "ልጄ፣ እኔ መድኃኒቱን ጠልቼ አይደለም። ጠዋት ተነስቼ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ያቺን ፍሬ ሳያት 'በሽተኛ ነሽ' ትለኛለች። በየቀኑ፣ ሌላ ሰው ቤቱ ውስጥ እየተንጎራደደ፣ ለእኔ ብቻ። አንጀቴ እምቢ አለኝ። እሱ አብሮኝ መዋጥ ሲጀምር ጊዜ ዋጥኩ። አርባ ዓመት ስንቱን ነገር ለብቻዬ ውጬዋለሁ። ይችን እንኳን አብሮኝ ዋጠ ብዬ ደስ አለኝ። አሁን እሷንም ልትወስዱብኝ ነው?"

ሲስተር ነገሩን በልቧ ገጣጠመችው። ያች ግፊቱ ወረድ ያለባት ትንሽ ነገር፣ ሐኪሙ "ሁለት ስናደርገው ጀመረ" ብሎ የተደሰተባት፣ ሴትዮዋ በሕይወታቸው መጀመሪያ የዋጧት አንዲት ፍሬ ነበረች ማለት ነው። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው፦ አባባ ከዋጡ ይወድቃሉ፤ አባባ ካልዋጡ እማማ አይውጡም፤ እማማ ካልዋጡ ደግሞ ሐኪሙ የፈራው ይመጣል። ጫማዋን አውልቃ እዚያው ወለሉ ላይ መተኛት ብትችል ደስ ባላት።

ሲጨንቃት ለሐኪሙ ደወለችና ሁሉም እንዲሰሙት የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የሆነውን ነገረችው።

"አባባ አሁኑኑ ያቁሙ!" አለ ሐኪሙ። "አንድም እንዳይደግሙ! ዛሬ ከቤት እንዳይወጡ፣ ውኃ ይጠጡ!"

ከኋላው የፋርማሲስቷ ድምፅ ገባ። "ለዚህ ነዋ ቁጥሩ ልክክ ያለው! ሲስተር፣ ስሚኝማ፣ አባባን የቫይታሚን ፍሬ እንስጣቸው። እማማ ሳያውቁ እሳቸው እሱን ይዋጡ።"

"ሰማሁሽ እኮ" አሉ እማማ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው። "ሕፃን አደረግሽኝ?"

ስልኩ ውስጥ ሹክሹክታ ሆነ። ቀጥሎ የመጣችው የምግብ አማካሪዋ ናት። ደግ ልጅ ናት፤ ዝምታ ሲፈጠር መሙላት ያለባት ይመስላታል። በየቀጠሮው የምትጠይቀውን ያንኑ ጥያቄ በዚያው ጣፋጭ ድምፅዋ ጠየቀች።

"ለመሆኑ እማማ፣ ጨውስ እየቀነሱ ነው?"

እማማ ሳቁ። ሲስተር ይህን ሳቅ አልወደደችውም።

"እስቲ መልስላት" አሉ ባላቸውን። "ሁልጊዜ መላሹ አንተ አይደለህ? ጨው እየቀነሱ ነው ወይ ትልሃለች።"

አቶ እኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እሷ ቀንሳለች" አሉ።

ሲስተር ከእሳቸው አፍ "እሷ" የሚል ቃል ሲወጣ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

"እሷ!" አሉ እማማ። "አየሽልኝ ሲስተር? 'ይውሰዱ' ሲሉት ሁለታችን ነን። 'ይቀንሱ' ሲሉት እኔ ነኝ! ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ አሉ። እዪው ምድጃውን። አንዱ ድስት የእሱ ነው፣ ጨው ያለው። አንዱ የእኔ ነው። ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት እጥዳለሁ፤ ሁለት አጥባለሁ። ከፊቴ ተቀምጦ እያጣጣመ ይበላል፣ እኔ የእሱን ሽታ እያሸተትኩ የራሴን እገፋለሁ። ሐኪም ቤት ስንሄድ እኛ፣ እኛ፣ እኛ! ድስቱ ጋ ሲደረስ ይሄ እኛ የት ይገባል?"

ሲስተር እጇን ዘርግታ ስልኩን ዘጋችው።

አቶ እኛ ሳህናቸውን አዩ፣ መሬት አዩ፣ የእማማን ፊት ግን ማየት አቃታቸው። "እኔ እኮ ፍሬዋን ስውጥ ያገዝኩሽ መስሎኝ ነው" አሉ በመጨረሻ።

"አግዘኸኛል" አሉ እማማ። ቁጣቸው ሳይታሰብ ረግቦ ነበር። "አግዘኸኛል እኮ ነው የምልህ። ተወኝ አለችኝ እንዳትል ነው የምልህ። ደግሞ እንድትወድቅብኝ አልፈልግም። ምን እንደምፈልግ እኔም አላውቅም።"

ሲስተር በዚህ ሁሉ የሥራ ዘመኗ ምክር አልቆባት አያውቅም። ላልጠየቃትም ትመክራለች፤ ታክሲ ውስጥ እንኳን ትመክራለች። ያን ጠዋት ግን የምትለው ነገር አልመጣላትም። ብትናገርም "ይ" ብላ የምትጀምረውን ቃል ሁሉ ፈርታዋለች። ማድረግ የምትችለውን አደረገች፤ ከእሽጉ አንዲት ፍሬ ፈልቅቃ፣ የዛሬዋን ጎደሎ፣ እማማ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና አገጯን እጇ ላይ አሳረፈች።

እማማ ፍሬዋን አዩዋት። አልነኳትም።

አቶ እኛ ጠረጴዛውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ። ቆመው ማዞሩ እስኪተዋቸው ጠበቁ። ምድጃው ጋ ሄደው የራሳቸውን ድስት ከደኑና ወደ ጥግ ገፉት፤ ከእማማ ድስት ለእማማ ጨለፉ፣ ለራሳቸውም ጨለፉ። የተፈጨ ድንች በእንቁላል ነው። ተቀምጠው አንድ ማንኪያ ጎረሱ። ማኘካቸውን አቆሙ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ድንች ነው።"

"ይሄን ነው የምትበይው?"

"ይሄን ነው።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ።"

"ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ?"

"ሐኪም ቤት በሄድን ቁጥር ይነግሩሃል እኮ።"

የአቶ እኛ እጅ ሳያስቡት ወደ ጨው ዕቃው ሄደ። እማማ አዩ። ሲስተርም አየች። እጁ ዕቃው ላይ ትንሽ ቆየና ባዶውን ተመለሰ። ሁለተኛ ጎረሱ። ሦስተኛውን ሲጎርሱ ዐይናቸውን ጨፈኑ። እንደሚወዱት አላስመሰሉም፤ ይህን ለማስመሰል የሚበቃ ተዋናይ የለም። እያንዳንዱን ጉርሻ እንደ ዳገት እየወጡ ገፉት፤ ሲስተር የውኃ ብርጭቋቸውን ወደ እጃቸው አስጠጋችላቸው።

ሳህኑ ወደ ማለቂያው ሲደርስ እማማ ፍሬዋን አነሱ። መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩዋትና አፋቸው ውስጥ አደረጓት፤ ውኃውን ግን አልተጎነጩም። አቶ እኛ የመጨረሻዋን ማንኪያ እስኪጎርሱ ብርጭቆውን ከንፈራቸው አጠገብ ይዘው ጠበቁ።

ከዚያ ዋጡ።